ጤና ኬላ ላይ የቤተሰብ ዕቅድ፦ አዲስ ተጠቃሚ ከመቁጠር የቀረችውን ወደ መፈለግ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ የማቀርበው ጤና ኬላ ላይ ለምትሠሩ፣ ከጤና ጣቢያ ሆናችሁ ኬላዎችን ለምትደግፉና ወረዳ ላይ ሪፖርት ለምትሰበስቡ ነው።

የቤተሰብ ዕቅድ ሥራችን ያመጣውን ለውጥ ማንም አይክድም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2005 15፣ በ2011 29፣ በ2016 36፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደረሱ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባይኖሩ ይህ አይታሰብም ነበር። ነገር ግን በዚያው በ2016ቱ ጥናት፣ ከተጀመረው ውስጥ 35 በመቶው 12 ወር ሳይሞላው ተቋርጧል። ልጅ ፈልጋ ያቆመች ሴት በመብቷ ተጠቀመች፤ እሷን የሚወቅስ ሊኖር አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ደም በዛብኝ ወይም ጨርሶ ቀረብኝ ብላ ደንግጣ፣ የሚያስረዳት አጥታ ቤቷ የቀረችው ናት። በወርኃዊ ግምገማ ስለ አዲስ ተጠቃሚ ቁጥር ይጠየቃል፤ ስለዚህች ሴት ግን የሚጠይቅ የለም።

አቋሜ ይህ ነው፦ ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ ጊዜዋን መጀመሪያ ለቀጠሮ ለቀሩት፣ ቀጥሎ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ (የክንዱን) ማስወጣት ለሚፈልጉት፣ ከዚያ በኋላ ለአዲሶቹ ታውለው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ንገሩን ብዬ ጠየቅሁ። የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስፍሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 1፦ አምስት ኬላዎችን የሚደግፉ ሱፐርቫይዘር ቀድመው መለሱ። በሐሳቡ ተስማምተው፣ አዲስ ነገር ከመፍጠር በፊት ኬላ ውስጥ ያለው የቀጠሮ ሣጥን በሥርዓቱ ይሠራበት አሉ። ሣጥኑ በወር በወር የተከፋፈለ ነው። ሴትየዋ መርፌ ስትወስድ ካርዷ ወደ ቤተሰብ ማኅደሩ አይመለስም፤ ቀጣዩ ቀጠሮዋ በሚውልበት ወር ክፍል ይገባል። ስትመጣ ካርዱ ወጥቶ ይሞላና ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የተገኘ ካርድ ሁሉ ያልመጣች ሴት ካርድ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት የጉብኝት ዝርዝር ያ ነው፣ ሌላ መዝገብ መክፈት አያሻም። የሚበላሽበትንም ቦታ አሳይተዋል፦ ሥራ ሲበዛ ካርዱ በቀጥታ ማኅደሩ ውስጥ ይከተታል፣ ወይም ሣጥኑ የሌላ ወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ስለ ጳጉሜም አስጠንቅቀዋል። ዲፖ የሚባለው መርፌ ቀጠሮው 13 ሳምንት፣ ማለትም 91 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር 90 ቀን ስለሆነ ሦስት ወር መቁጠሩ ብዙም አያሳስትም። ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ሐምሌ 10 የተወጋች ሴት ግን ለጥቅምት 10 ከተቀጠረች 95 ቀን ይሆናል፤ ትክክለኛው ቀን ጥቅምት 6 ነው። አራት ቀን ጉዳት የለውም፤ የተሳሳተ ቀን ካርድ ላይ መጻፍ ልማድ ሲሆን ግን መዘዝ አለው።

ምላሽ 2፦ አንድ የወረዳ መረጃ ባለሙያ በአጭሩ አረሙኝ። ሪፖርቱ አዲስና ነባር ተጠቃሚን ለይቶ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ነባሯ አልተረሳችም አሉ። ሆኖም ነባር የሚለው የመጡትን ብቻ እንደሚቆጥር፣ መምጣት ሲገባቸው የቀሩትን ግን የትም እንደማያሳይ ራሳቸው ጨምረዋል። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ምላሽ 3፦ አዋላጅ ነርስ የሆኑ እኅት ጉዳዩን ወደ መጀመሪያው ቀን ምክር መለሱት። መርፌ ወይም የክንድ የምትጀምር ሴት የወር አበባዋ እንደሚዛባ አስቀድማ ካልሰማች፣ በመጣባት ጊዜ በሽታ ነው ብላ ታስባለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ወይም ረዘም ያለ ደም ይኖራል፤ በዲፖ ግን እየቆየ ጨርሶ መቅረቱ የተለመደ ነው። መንደሩ ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል ይላታል። ሠራተኛዋ ልትነግራት የሚገባው፣ የማሕፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ሆኖ ስለሚቆይ የሚፈስም የሚጠራቀምም ነገር እንደሌለ ነው። ካቆመች በኋላ ለመፀነስ ከሌላው ዘዴ በአማካይ አራት ወር ያህል ተጨማሪ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችልም ትንገራት፤ ይህ ሳይነገር ሲቀር ማሕፀን ያደርቃል የሚለው ወሬ መሠረት ያገኛል። ደሙ ካስቸገራት ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ፤ እዚያ የሚከለክላት ሌላ ሕመም ከሌለ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለአምስት ቀን ይሰጣታል። ይሻልሻል ብሎ ባዶ እጇን መመለስ ግን ሴትየዋን ከነጭራሹ ማጣት ነው አሉ።

ምላሽ 4፦ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቅር ብሏት ጻፈች። ክትባቱ፣ የእናቶች ክትትሉ፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈሩ፣ የወባው፣ የምግብ እጥረት ልየታው ሁሉ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ስብሰባና ዘመቻ ሲጨመር ኬላው ራሱ ተዘግቶ ይውላል። ለአንዲት ሴት ግማሽ ሰዓት ስጪ የሚለን ሰው ኬላ መጥቶ ይይ አለች።

ምላሽ 5፦ ያው አዋላጅ እኅት በትሕትና መለሱላት። ግማሽ ሰዓት ማንም አልጠየቀም፤ ሦስት ነገር ብቻ አይቅር። ሌሎች ዘዴዎች እንዳሉ መንገር፣ የመረጠችው ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያመጣ መንገር፣ ያ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ መንገር። ጊዜ የሚበላው ሁሉንም ዘዴ ከነዝርዝሩ መተረክ ነው። ልጅ መቼ ነው የምትፈልጊው፣ ታጠቢያለሽ ወይ፣ በፊት የሞከርሽው አለ ወይ ብሎ ቀድሞ የጠየቀ ባለሙያ የማይሆኑትን ወዲያው ይተዋቸዋል። ለምሳሌ ልጇ ስድስት ወር ያልሞላው አጥቢ እናት ድርብ ሆርሞን ላለው ክኒን አትሆንም፤ ስለሱ ማብራራቱ ትርፍ ነው።

ምላሽ 6፦ እስካሁን ያልተነሳ እንቅፋት የነገሩን አንድ አሠልጣኝ ናቸው፦ የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሽ እየተባሉ የሚሸኙት ሴቶች። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች ሴት ሌላ ጊዜ ስትባል ከነእርግዝናዋ ልትመለስ ትችላለች። እርጉዝ አለመሆኗን ለማረጋገጥ ምርመራ የግድ አይደለም፤ ስድስቱ ጥያቄዎች አሉ። ወር አበባዋ ካየች ሰባት ቀን አልሞላም ወይ? ከወለደች አራት ሳምንት አልሞላም ወይ? ውርጃ ከደረሰባት ሰባት ቀን አልሞላም ወይ? ልጇ ከስድስት ወር በታች ሆኖ በጡት ብቻ እያደገ፣ ወር አበባዋም ገና አልተመለሰም ወይ? ካለፈው የወር አበባዋ ወይም ከወሊዷ ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም ወይ? አስተማማኝ ዘዴ በትክክል ስትጠቀም ነበር ወይ? ለአንዱ እንኳ አዎ ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌላት በዚያው ቀን መጀመር ትችላለች። መርፌ ወይም የክንዱ ወር አበባዋ ከጀመረ ከሰባት ቀን በኋላ ከተሰጣት ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጨምራለች። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የማይነበብባቸው ኬላዎች ብዙ ናቸው ብለው አዝነዋል።

ምላሽ 7፦ ከዚህ በኋላ ንግግሩ ሞቅ አለ። አንድ ተሳታፊ ኮታ ካልተሰጠ ማንም አይሠራም፣ የሕዝቡ ቁጥርም እየጨመረ ነው፣ እያንዳንዷ ሠራተኛ በወር ይህን ያህል የክንድ አስገቢ ካልተባለች መርፌ ብቻ እየወጋች ትቀመጣለች አሉ።

ምላሽ 8፦ የተሰጣቸው መልስ ጠንካራ ነበር። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን ይህንኑ መንገድ ሄዳበታለች፤ በ1976/77 የበጀት ዓመት ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ማምከን ተፈጸመ፤ መምህሩም ጸሐፊውም ኮታ ተሰጠው። በ1977 ሕዝቡ በምርጫ መንግሥቱን ጣለ፤ የቤተሰብ ዕቅድ ስሙ ረክሶ ለዓመታት ማንሳት አስቸጋሪ ሆነ። በየመከላከያው ዓይነት የተከፋፈለውን ኮታ ሕንድ ያነሳችው በ1996 ነው። መልሱን የጻፉት ተሳታፊ፣ ኮታ የሚሉት ሰው ሴትየዋን እንደ ማዳበሪያ ኩንታል ቆጥረዋታል ብለው በቁጣ ጨርሰዋል። ቃሉ ከበደ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ምላሽ 9፦ አንድ የኅብረተሰብ ጤና መምህር አበረዱት። የተሻለው ምሳሌ የባንግላዴሽዋ ማትላብ ናት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ክኒንና ኮንዶም ቤት ለቤት ታደለ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጠቃሚው ጨመረ፣ ከዚያ ወረደ። የወረደው የጎንዮሽ ስሜቱን የሚከታተል፣ ዘዴ የሚቀይርላት ሰው ስላልነበረ ነው። በ1977 አሠራሩ ተለወጠ፦ ማንበብ የሚችሉ፣ ያገቡና ራሳቸው ተጠቃሚ የሆኑ የመንደሩ ሴቶች ተቀጠሩ፣ መርፌን ጨምሮ ብዙ ዘዴ ያዙ፣ እያንዳንዱን ቤት በየሁለት ሳምንቱ ጎበኙ፣ ሲያቅታቸው የሚልኩበት ክሊኒክ ነበራቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተጠቃሚው ከ7 በመቶ ተነሥቶ ከ30 በላይ ሆነ። አገሩም ሕዝቡም ያው ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ክትትሉ ነው።

ምላሽ 10፦ ለእኔ የውይይቱ ዋና ምላሽ ይህ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠሩ ጤና መኮንን የጻፉት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን የክንድ መከላከያ ማስገባት ሠለጠኑ፤ ማውጣቱ ግን ለጤና ጣቢያ ተተወ። ማስገቢያው በር ላይ ሲሆን ማውጫው ሩቅ ነው። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ፣ 4 ሴንቲሜትር፣ ለ3 ዓመት ነው፤ ሌላው ዓይነት ጃዴል ሁለት ዘንግ፣ ለ5 ዓመት። ከሦስት ዓመት በፊት ኬላዎቹ ስንት ኢምፕላኖን እንዳስገቡ ከመዝገብ ያየ ጤና ጣቢያ፣ ዘንድሮ ቢበዛ ስንት ሴት ለማውጣት እንደምትመጣ ያውቃል፤ ያንን ቆጥሮ ስለትና ማደንዘዣ ይጠይቅ አሉ።

ከዚያ ወደ እጅ ሥራው ገቡ። ችግሩ የሚጀምረው ሲገባ ነው። ብዙ በማትሠራበት ክንዷ፣ በውስጠኛው ጎን፣ ከክርኗ አጥንት ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ቆዳው በመርፌው ጫፍ ወደ ላይ ተወጥሮ እየታየ ይገባል። ቆዳው ካልተወጠረ መርፌው ጡንቻ ውስጥ እየገባ ነው። ካስገቡ በኋላ ባለሙያዋም ሴትየዋም በጣት ዳስሰው ሁለቱንም ጫፍ ማግኘት አለባቸው። ሲወጣ ደግሞ ማደንዘዣው ግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ከዘንጉ ጫፍ ሥር ነው የሚወጋው፤ ከላይ ከተወጋ ቆዳው ያብጥና ዘንጉ ይሰወራል። ወደ ክርኑ ባለው ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተቀዶ፣ ሌላኛው ጫፍ በጣት ሲገፋ ዘንጉ ራሱ ብቅ ይላል፤ በሞስኪቶ ፎርሴፕስ (ጫፉ ቀጭን በሆነ መቆንጠጫ) ይያዛል። የወጣው 4 ሴንቲሜትር ሙሉ መሆኑ ይለካል። በጣት የማይዳሰስ ዘንግ ግን ጤና ጣቢያ ላይ ፈጽሞ አይቆፈርም፤ ራጅና አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። አዲሱ ዓይነት፣ ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ፣ በራጅ ይታያል።

ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ አላወጣም ብሎ ሴት የሚመልስ ባለሙያን አጥብቀው ነቅፈዋል። አስወጣልኝ ያለች ሴት ምክንያቷን ብትናገርም ባትናገርም ይወጣላታል። አንዷ እንቢ ስትባል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ በማግሥቱ ለአዲስ የሚመጣ ሰው የለም።

ምላሽ 11፦ ሌላ ተሳታፊ ታዲያ ለምን ኬላ ላይ አይወጣም ሲሉ ጠየቁ። ደረጃ 4 የደረሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሠልጥኖ ማስወጣት መሞከሩን አስታውሰው፣ ሁኔታው እስኪሰፋ ድረስ ጤና ጣቢያው በወር አንድ የታወቀ ቀን ባለሙያውን ከነዕቃው ወደ ኬላው ይላክ አሉ። ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ይመረጣል፤ ያኔ ሴትየዋ ከቤት ለመውጣት ሌላ ምክንያት አታጣም።

ምላሽ 12፦ ፋርማሲስት ናቸው፤ ስለ አቅርቦት ብቻ ጻፉ። ኬላ ቢበዛ የሁለት ወር ክምችት ይይዛል። ስህተቱ የሚፈጠረው ዕቃ ባለቀበት ወር የወጣውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለቀጣዩ መጠየቅ ላይ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ለ10 ቀን መርፌ ካልነበረና 40 ከወጣ፣ እውነተኛው ፍላጎት 40 ለ20 ተካፍሎ በ30 ተባዝቶ 60 ነው። 40 ብሎ የጠየቀ በሚቀጥለው ወርም ያልቅበታል። ዲፖ መጥቶ ሲሪንጅ፣ ኢምፕላኖን መጥቶ ማደንዘዣው ሊዶካይን የማይመጣበት ጊዜም አለ፤ ጥያቄው አብሮ ይጻፍ። ዲፖ ፍሪጅ አይገባም፣ ፀሐይም አይመታውም፣ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይወዘወዛል፤ ሥሩ የረጋ መድኃኒት ሳይወዘወዝ ከተቀዳ መጠኑ ጎደሎ ይሆናል። የተወጋው ቦታም አይታሽም።

ምላሽ 13፦ እዚህ ላይ ወሬው ወደ ደመወዝ፣ ወደ ትራንስፖርት አበልና ታብሌት ቻርጅ ወደማይደረግባቸው ኬላዎች ዞረ። የሞባይል ካርድ ከኪስ እየገዙ ሪፖርት ስለመላክ የተጻፈው ተገቢ ቅሬታ ነው፤ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል።

ምላሽ 14፦ ምላሽ 4 ላይ የጻፈችው እኅት ተመልሳ መጣች፤ ድምፅዋ ለስልሷል። የቀሩትን ለማግኘት የአንድ ለአምስት መሪዋን ልላክ ወይ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 15፦ ሱፐርቫይዘሩ በፍጹም አሉ። ከባሏና ከአማቷ ደብቃ የምትወጋ ሴት አለች፤ ጎረቤቷ መልእክት ይዛ ከሄደች ቤቷ ፈረሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ብትቀሪ ቤትሽ ልምጣ ወይስ ሌላ ቦታ ላግኝሽ ተብላ ትጠየቅ፣ መልሷም በካርዷ ላይ በምልክት ይያዝ። ቤቷ መምጣት የማትፈቅደው ለልጇ ክትባት ስትመጣ ትገኛለች። እርሻ በማይታረስባቸው እንደ ሚካኤልና ማርያም ባሉ በዓላት መዞርም ሰው ቤት እንደሚያስገኝ ጠቁመው፣ ባልም እቤት ስለሚሆን ለተደባቂዋ ቀኑ እንደማይሆን ወዲያው ጨምረዋል።

ምላሽ 16፦ ከእስራኤል የሚጽፉ አንድ እኅት፣ እዚያ ትውልደ ኢትዮጵያዊያት ያለፈቃዳቸው ተወግተዋል የሚል ክስ የተነሣበትን የዲፖን ጉዳይ አነሡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ኃላፊ፣ የሚሰጠውን መርፌ ውጤት ላልተረዳች ትውልደ ኢትዮጵያዊት እንዳይታደስላት ለሐኪሞች መመሪያ ሰጥተው ነበር። ትምህርቱ ለአገር ቤትም ነው አሉ፦ ሴትየዋ ምን እንደተወጋች፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነና ማቆም እንደምትችል በራሷ ቋንቋ መልሳ ካልተናገረች ፈቅዳለች አይባልም።

ምላሽ 17፦ አንድ ሰው ፖለቲካ አታምጡብን ብለው ተቆጡ፤ ማስገደድ ለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም የሚል የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሪፖርት በኋላ መውጣቱንም ጠቀሱ።

ምላሽ 18፦ እኅት ሪፖርቱን እንደሚያውቁት መለሱ። እሳቸው ያነሡት ስለ መግባባት እንጂ ስለ ክስ አይደለም። ኬላ ላይ ኦሮምኛ ወይም አገውኛ ብቻ ለምትናገር ሴት በአማርኛ የሚሰጥ ምክር ያው ነው አሉ። ይህን የተቃወመ አልነበረም።

ምላሽ 19፦ አሠልጣኙ ስለ ሳያና ፕሬስ (ከነመርፌው በትንሽ ፊኛ ተሞልቶ ስለሚመጣው የዲፖ ዓይነት) ለጠየቀ ሰው መለሱ። 104 ሚሊግራም በ0.65 ሚሊ ሊትር፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ሴትየዋ ሠልጥና ራሷ ልትወጋው የምትችል ነው። ለ30 ሰኮንድ ያህል በኃይል ይወዘወዛል፤ ክዳኑ ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስ ይገፋል፤ ሆድ ወይም የጭን ፊት ተቆንጥጦ ይወጋል፤ ፊኛው ከ5 እስከ 7 ሰኮንድ ቀስ ብሎ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ክዳኑ በግማሽ ሲገፋ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ አይወጣም።

ምላሽ 20፦ የምላሽ 4 እኅታችን ከኬላዋ የመጨረሻውን ጥያቄ ላከች፦ ለመርፌ ከቀጠሮዋ አምስት ሳምንት አልፏት የመጣችን ሴት ምን ላድርጋት?

ምላሽ 21፦ አዋላጇ መለሱ። እስከ አራት ሳምንት ካለፋት ያለ ምንም ጥያቄ ትወጋለች። አምስት ሳምንት ከሆነ በምላሽ 6 ያሉት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ እርግዝና እንደሌለ ካሳዩ በዚያው ቀን ተወግታ ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጠቀም። ካላሳዩ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ ምርመራው ከሌለ ኮንዶም ይዛ ትሂድና በቀጠሮ ትመለስ። በመዘግየቷ አትቆጧት፤ የተቆጣችኋትን ሴት ሁለተኛ አታገኟትም። ገበያ ስትወጣ ከቀጠሮዋ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትመጣም መወጋት ትችላለች፤ ቀጣዩ ቀን የሚቆጠረው ግን ከዛሬው መርፌ ነው።